ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብ የደኅንነት ግንዛቤ አገልግሎት፦ ምኑ ይገዛ፣ ምኑ ይቅር?

የመንግሥት ሠራተኞችን የሳይበር ደኅንነት ግንዛቤ ለማሳደግ የሚቀርቡ አገልግሎቶች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ የሚሸጡትም ጥቅል ተቀራራቢ ነው። አጫጭር የቪዲዮ ትምህርቶች፣ ለሠራተኛው ሳይነገር የሚላኩ የሙከራ ማስገሪያ መልእክቶች (ማስገሪያ ማለት ተቀባዩን አታልሎ ሊንክ የሚያስነካ ወይም ፋይል የሚያስከፍት መልእክት ነው)፣ አጠራጣሪ ኢሜይልን ለሚመለከተው ክፍል በአንድ ንክኪ የሚያደርስ የጥቆማ ቁልፍ፣ እንዲሁም ስለ ወቅታዊ ስጋቶች የሚያትት ሳምንታዊ መግለጫ በአንድ ላይ ተጠቃለው ይቀርባሉ። እኔ የምሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱን በውል ገዝቶ ሲጠቀምበት የቆየ ሲሆን፣ ሥራውን ከአቅራቢው ጋር ሆነው ከተከታተሉት ባለሙያዎች አንዱ ስለነበርኩ ያየሁትን ላካፍል ፈለግሁ። የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ ናቸው ብዬ አላምንም፣ ለግዥ የሚዘጋጅ ኃላፊንም የሚጠቅመው ከስሙ ይልቅ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሻጩ የሚያጎላው ቪዲዮውንና የሙከራ ጥቃቱን ነው፤ ለእኛ ግን ዋጋውን የመለሰልን ሻጩ እንደ ምርቃት የጨመረልን የጥቆማ ቁልፍ ነበር።

በቪዲዮ ትምህርቶቹ ላይ ብዙም አልቆይም። የምስልና የድምፅ ጥራታቸው የሚያስከፋ አይደለም፣ ርዝመታቸውም ሥራ አያስፈታም። ችግሩ ታሪኩ የሚካሄድበት ቢሮ ሁልጊዜ የንግድ ኩባንያ ቢሮ መሆኑ ነው። በውስጡ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ደንበኛና ደረሰኝ አሉ፤ መዝገብ ቤት፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ቲተርና ማኅተም፣ ከበላይ አካል በአስቸኳይ የሚጠየቅ ሪፖርት ግን የሉም። የመንግሥት ሠራተኛን ለማታለል የተነሣ ሰው የሚጠቀመው ደግሞ በእነዚህ በኋለኞቹ ነው፤ «እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሞልቶ እንዲላክ» የሚል፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል ሰንጠረዥ ከማንኛውም የሽልማት ማስታወቂያ ይልቅ በእኛ ዘንድ ቶሎ ይከፈታል። በሌላ በኩል «ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ ፋይል አይክፈቱ» የሚለው ተደጋጋሚ ምክር በሰው ሀብት ክፍል ላሉ ባልደረቦቻችን ምንም አይፈይድም፤ ከማያውቁት ሰው የመጣ ማመልከቻ መክፈት የዕለት ሥራቸው ነውና። የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የተደፈረበት መንገድ ይህንኑ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ለባንኩ ሠራተኞች የደረሰው መልእክት ሥራ የሚፈልግ ሰው የላከው የሚመስል የትህትና ደብዳቤ ነበር፤ ሌቦቹ ገንዘቡን ለማውጣት የተንቀሳቀሱት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በየካቲት 2016 ሲሆን፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለማዛወር ሞክረው 81 ሚሊዮኑን ወደ ፊሊፒንስ ማሻገር ችለዋል። ለሰው ሀብት ክፍል የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ማመልከቻዎችን ከተቀረው ኔትወርክ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ የሚከፍትበት አሠራር ነው፤ ይህን ያደረግነው እኛው ነን፣ በአቅራቢው ትምህርት ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።

በይለፍ ቃል ላይ የተዘጋጀው ክፍል ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ነው። በየ90 ቀኑ የይለፍ ቃል መቀየር እንደ መልካም ልማድ ይመከራል፤ ይሁን እንጂ የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምኅጻሩ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃሉ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ እስከሌለ ድረስ ሠራተኛን በየጊዜው እንዲቀይር ማስገደድ እንደማይገባ አስፍሯል። ምክንያቱን ማንም የቢሮ ሠራተኛ ያውቀዋል፦ የተገደደ ሰው አዲስ ቃል አይፈጥርም፣ በአሮጌው መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ስህተቱን ለአቅራቢው በጽሑፍ አሳውቀን «በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» የሚል መልስ አግኝተናል፤ ይህን ግምገማ እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ግን ቪዲዮው እንዳለ ነው።

ወደ ሙከራ መልእክቶቹ ስንመጣ ጉዳዩ ሰፊ ነው። አቅራቢው ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ የጠየቀን ነገር ከእሱ ሰርቨር የሚነሡ መልእክቶች በኢሜይል ማጣሪያችን ሳይያዙ በልዩ ፈቃድ እንዲያልፉ ነበር። የአሠራሩ ባሕርይ ይህን ስለሚያስገድድ ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የተከፈተው መስመር በአግባቡ ካልተገደበ፣ አንድ ቀን የአቅራቢውን ሥርዓት የሚሰብር አጥቂ ያለ ምንም ፍተሻ በሠራተኞቻችን የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። የኔትወርክ ባለሙያዎቻችን ፈቃዱን ለተወሰኑ የአይፒ አድራሻዎች ብቻ ሰጥተው፣ ሙከራው ሲያበቃ እንዲዘጋ አደረጉ። የአቅራቢው መመሪያ ግን የላኪውን ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ስም፣ በሙሉና በቋሚነት መፍቀድን እንደ ቀላሉ አማራጭ ያስቀምጣል፤ ስለ ደኅንነት የሚያስተምር ድርጅት እንዲህ ያለ ምክር በራሱ ሰነድ ውስጥ ማስቀመጡ አስገርሞኛል።

ከዚያ የመጀመሪያው ሪፖርት መጣ። ሊንኩን ነክተዋል ተብለው በስም ከተዘረዘሩት ሠራተኞች መካከል በወቅቱ በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ባልደረባችን ትገኝበታለች። የሰዓት መዝገቡን ስንመለከት ንክኪው የተመዘገበው መልእክቱ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሰው ቀርቶ መልእክቱ ራሱ በስክሪን ላይ አይታይም። ነገሩ ሲጣራ ሊንኩን የከፈተው የእኛው የኢሜይል ደኅንነት ሥርዓት ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች የሚገቡ ሊንኮችን አስቀድመው ራሳቸው ከፍተው ይመረምራሉ፣ የአቅራቢው ዳሽቦርድ (የውጤት ማሳያ ገጹ) ደግሞ ይህን የሰው ንክኪ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዘርፉ የታወቀ ችግር ነው፤ አቅራቢውም እንደሚያውቀው ያረጋገጠልን ከጠየቅነው በኋላ ነበር። ዝርዝሩ ሳይጣራ ለሥነ ሥርዓት ክፍል ተልኮ ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ቅሬታ ይነሣ እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቅሬታው ፍትሐዊ በሆነ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ከመቀበሉ በፊት በማሽን የተደረጉ ንክኪዎች እንዴት እንደሚለዩ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ሊጠይቅ ይገባል።

በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው ማጠቃለያም ጥርጣሬ ያስነሣል። ግራፉ የነኪዎች ብዛት እየቀነሰ መሄዱን ያሳያል፣ ኃላፊዎችም በዚህ ይደሰታሉ። እኛ ግን መልእክቶቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናነባቸው የመጀመሪያው የደረጃ እድገት ዝርዝር የሚመስል፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ደብዳቤ ሲሆን የመጨረሻው ግን ሎተሪ ደርሶዎታል የሚል፣ ፊደሉ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሆኖ አገኘነው። ሁለተኛውን ያላመነ ሠራተኛ ሠልጥኗል ለማለት አያስደፍርም። የሙከራ መልእክት ክብደት የሚለካበት መንገድ አስቀድሞ አለ፤ ኒስት ለዚሁ ተግባር ፊሽ ስኬል የተባለ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀ ሲሆን፣ መለኪያው በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን የማጭበርበር ምልክቶችና መልእክቱ ከተቀባዩ የሥራ ሁኔታ ጋር ያለውን መቀራረብ አይቶ ለመለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይመድባል። የክብደት ምድብ ያልተጻፈበት የንክኪ መቶኛ ሲቀርብልኝ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ይህን የምለው ሙከራው ፈጽሞ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሚጠበቅበትን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመና በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተቋም ውስጥ የተካሄደ ጥናት፣ 19,500 የሚሆኑ ሠራተኞችን በስምንት ወራት ውስጥ በ10 የሙከራ ዘመቻዎች ከተከታተለ በኋላ፣ በሠለጠኑትና ባልሠለጠኑት መካከል ያገኘው የስህተት ልዩነት 1.7 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ14 ሺህ በላይ የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን ለ15 ወራት አጥንተው፣ ሊንክ የነካ ሰው ወዲያው የሚደርሰው የማስተማሪያ ገጽ የታሰበውን ጥበቃ እንደማይሰጥ፣ እንዲያውም ተቃራኒ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል አሳይተዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ግን አንድ የሚያበረታታ ነገር አግኝተዋል፤ ሠራተኞች አጠራጣሪ መልእክት ሲያዩ የሚጠቁሙበት ቀላል መንገድ ካላቸው፣ ጥቆማቸው በጊዜም በጥራትም ለድርጅቱ እውነተኛ መከላከያ ይሆናል፣ ሰዎቹም በመጠቆም አይሰለቹም። የእኛም ልምድ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የጥቆማ ቁልፉ በኢሜይል ፕሮግራሙ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ሲነኳት መልእክቱ ከነሙሉ የቴክኒክ መረጃው ለደኅንነት ቡድኑ ይደርሳል፤ ከጠቋሚው ሳጥንም ይነሣል። ከመምጣቷ በፊት አጠራጣሪ ነገር ያየ ሠራተኛ የሚያደርገው ወይ መሰረዝ ወይ ጎኑ ያለውን ሰው መጠየቅ ነበር፤ በሁለቱም መንገድ መረጃው እዚያው ይሞታል። ዋጋዋን ያወቅነው አንድ ከሙከራ ያልሆነ መልእክት በመጣ ጊዜ ነው። ከሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ የሚመስል፣ አርማው የተሟላ፣ ፊርማው በስካን የተነሣ፣ ቋንቋውም እንከን የሌለበት ደብዳቤ ለበርካታ ክፍሎች ደረሰ። ማጣሪያው አሳልፎታል፤ ሁለት የሥራ ክፍል ኃላፊዎችም አባሪውን ለመክፈት ሲሞክሩ እንደነበር ኋላ ተረዳን። የጠቆመችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነች። ምን አይታ እንደተጠራጠረች ስንጠይቃት የሰጠችው መልስ ከየትኛውም ቪዲዮ ውስጥ አይገኝም፦ ከዚያ መሥሪያ ቤት በዚያው ሳምንት የገባው ደብዳቤ በመዝገቧ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህኛው እጅግ ይበልጣል፤ ኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ከቀደመው ያነሰ ቁጥር ሊይዝ አይችልም። መልእክቱ ከቀሩት ሳጥኖች ሁሉ የተነሣው በእሷ ጥቆማ ነው። ደግሞም የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች «ኮምፒዩተር በብዛት አይጠቀሙም» ተብለው ሊቀሩ ተቃርበው እንደነበር መጥቀስ ይገባኛል።

ከዚህ የተነሣ አገልግሎቱ የሚለካበት ቁጥር መለወጥ አለበት የሚል አቋም ይዣለሁ። ስንት ሰው ነካ ከሚለው ይልቅ የመጀመሪያው ጥቆማ ከመልእክቱ መድረስ በኋላ በስንት ደቂቃ መጣ፣ ከተቀበሉት ስንቱ ጠቆሙ፣ ነክተው ከዚያ በራሳቸው ፈቃድ ያሳወቁ ስንት ናቸው የሚለው ለተከላካይ ወገን የሚጠቅም መረጃ ነው። ከመቶ አንድ ሰው እንኳ ቢነካ አጥቂው ገብቷል፤ ነገር ግን ከመቶ አምስት ሰው በጊዜ ቢጠቁም መግባቱ ይታወቃል። የአቅራቢው ዳሽቦርድ እነዚህን ቁጥሮች ይዟቸዋል፣ ሆኖም በመጨረሻው ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል ነው የተቀመጡት፤ በፊተኛው ገጽ በቀይ የሚታየው የነኪዎች ስም ነው።

ጥቆማ ደግሞ ተቀባይ ከሌለው ከንቱ ነው። የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የደረሰው ጥቃት በዚህ ረገድ ሊጠና ይገባዋል። አንድ ሠራተኛ በማስገሪያ ኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል የከፈተው መጋቢት 18 ቀን ሲሆን፣ ራንሰምዌሩ፣ ማለትም ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ፕሮግራም፣ ሥርዓቱን የቆለፈው ግንቦት 14 ነው። በመካከል ባሉት ስምንት ሳምንታት የአጥቂዎቹ እንቅስቃሴ በተለያዩ ቦታዎች ታይቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበት እንደነበር፣ ግን ወደ ተሟላ ምርመራ እንዳላመራ በኋላ የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት ዘርዝሯል። መረጃው ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ከማስጠንቀቂያ ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ግን አልነበረም። በእኛም መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት የጥቆማ ሳጥኑ ሞልቶ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ አቅራቢው ቁልፉን ተክሎ ሄዷል፣ ማን ያንብበው የሚለውን ግን ከእኛ ጋር አልተወያየበትም። አንድ ባለሙያ ለዚሁ ከተመደበና እያንዳንዱ ጠቋሚ «መልእክቱ ጤነኛ ነው» ወይም «አጥፍተነዋል፣ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልስ ማግኘት ከጀመረ በኋላ ጥቆማው በቁጥርም በጥራትም ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለውን መልስ ቁልፉ ራሱ በከፊል እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ የአገልግሎቱ ጥሩ ጎን ነው፣ ቅንብሩም አያስቸግርም።

ሳምንታዊው የስጋት መግለጫ ግን አላረካኝም። በአብዛኛው እኛ የማንጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ላይ የተገኙ ክፍተቶችን ይደረድራል። አደገኛ የተባሉ አድራሻዎች በፒዲኤፍ ስለሚላኩ የኔትወርክ ባለሙያው አንድ በአንድ እየገለበጠ አደገኛ ግንኙነትን ወደሚያግደው ፋየርዎል ማስገባት አለበት፤ ለዚህ የተዘጋጀ ስቲክስ የሚባል መደበኛ ቅርጸት እያለ፣ ሚስፕን የመሰለ በነጻ የሚገኝ የስጋት መረጃ መለዋወጫ ሥርዓትም እያለ ይህ ተቀባይነት የለውም። ሌላው ጉድለት መግለጫውን ለማን ማስተላለፍ እንደሚቻል አለመጻፉ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የትራፊክ መብራት ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታደሰው እትሙ፣ ቀይ፣ አምበር፣ አረንጓዴና ክሊር የሚሉ መለያዎች አሉት፤ ቀይ ከተቀባዩ ግለሰብ አያልፍም፣ ክሊር ለማንም ይነገራል። መለያ የሌለው ሰነድ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ የሚገጥመው ዕጣ የታወቀ ነው፦ ኃላፊው ምስጢር ሊሆን ይችላል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ሊያውቅ የሚገባው ሠራተኛም አያውቅም። አሁን ከራሳችን ጥቆማዎች እያወጣን የምናዘጋጀው የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ፣ ስም ሳይጠቅስ በዚህ ሳምንት በእኛው ሳጥኖች ምን እንደመጣ ስለሚናገር፣ ከአቅራቢው መግለጫ ይልቅ ይነበባል።

ስለ ተሳታፊዎች ማንነትም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የከፍተኛ ኃላፊዎች ስም «ጊዜ የላቸውም» በሚል ከሙከራው ዝርዝር እንዲወጣ ተጠይቆ አቅራቢው ያለ ማቅማማት ፈቅዷል። የኃላፊውን ኢሜይል በተግባር የምትከፍተው ጸሐፊዋ ስትሆን፣ የይለፍ ቃሉንም ታውቃለች፤ እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱ ውድ ሳጥን ከሙከራም ከሥልጠናም ውጪ ቀረ ማለት ነው። በመጨረሻ ኃላፊዎቹም ጸሐፊዎቹም እንዲካተቱ ተደርጓል፣ ለጸሐፊዎቹም በራሳቸው መለያ የሚገቡበት ውክልና ተሰጥቷቸዋል። የኮንትራት ሠራተኞችና የአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ባልደረቦች ግን እስካሁን በጥቅሉ ውስጥ የሉም፤ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ሒሳብ ክፍሉ አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነውና የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ፣ ከእነዚህም የ5.6 ሚሊዮኑ የጣት አሻራ በተሰረቀበት የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ጥቃት አጥቂዎቹ የገቡት በአንድ ተቋራጭ ድርጅት ሠራተኛ መለያ ነበር።

በውል እድሳቱ ላይ ከሁሉ በላይ ያከራከረን ጉዳይ የውጤቱ መረጃ የት እንደሚቀመጥ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን በምን ዓይነት መልእክት እንደሚታለል፣ በስም፣ በኃላፊነትና በሰዓት የተዘረዘረ ሰነድ ለአጥቂ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ይህ ሰነድ ግን ውሉን ስንፈርም ማንም ሳያስተውለው በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ ተፈቅዶ ነበር። በአዲሱ ውል የሠራተኛ ስም በኮድ እንዲተካ፣ የኮዱ መፍቻ በእኛ ዘንድ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ጥሬ መረጃው ሙከራው ባለቀ በ30 ቀናት ውስጥ ጠፍቶ ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቀናል። አቅራቢው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀብሎ በሦስተኛው ላይ እየተከራከረ ነው። ቪዲዮዎቹን ከጥቅሉ አውጥተን፣ የጥቆማ ቁልፉንና ክብደታቸው የተመደበ ጥቂት ሙከራዎችን ብቻ ለማስቀጠል ወስነናል፤ በስልክ የሚደረገውን ማታለል የሚፈትሽ አገልግሎት እንዳለው ስንጠይቅ ገና እየተዘጋጀ ነው ስለተባልን፣ ለጊዜው በስልክ የመጣ ማንኛውም የክፍያ ወይም የይለፍ ቃል ትእዛዝ በመሥሪያ ቤቱ ማውጫ ላይ ባለው ቁጥር መልሶ በመደወል ካልተረጋገጠ እንዳይፈጸም የሚያዝ የውስጥ ሰርኩላር አውጥተናል።